የኤልስፔት ኬሚስትሪ

ሎርና፣

ፍየሎቹ ታልበዋል። ፍሪጅ ውስጥ የባቄላ ሾርባ አለ፣ አሙቀሽ ብይ።

ልጅሽን ኤልስፔትን ይዣት ወጥቻለሁ። አትደውይ፣ አላነሳም።

ቤት ስለምታስተምሪያት የየትምህርቱን ማለፊያ ክሬዲት የምትሰጪው አንቺ ነሽ፤ ግን እህቴ፣ አበዛሽው። የፍየሏን ምጥ ባዮሎጂ ብለሽዋል፤ እሺ፣ እጇን እስከ ክርኗ ከትታለች፣ ይገባታል። ለሰርግ ስንሄድ የድሮ ጦር ሜዳ አጠገብ ቆመን ዶሮ መብላታችን ግን እንዴት ሆኖ ነው የዓመት የታሪክ ትምህርት የሆነው? የኔብራስካን ግዛትም ከዳር እስከ ዳር ተኝታ ነው ያለፈችው፤ ጂኦግራፊ ብለሽ ሞላሽላት። ኮምጣጤ ቤኪንግ ሶዳ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ኬሚስትሪ ሆኗል።

ልጅቷ ነርስ መሆን ነው የምትፈልገው። ነርስ የሚያሠለጥኑት ቤተ ሙከራ ያለው ኬሚስትሪ ይጠይቃሉ፣ እኛ ጋ ያለው መጥበሻ ነው። ከተማ ባለው ኮሌጅ ላስመዘግባት ነው።

ከዳሽኝ ትያለሽ። በይ። ይህን ሁሉ ዓመት እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አብሬሽ ስበላ፣ አንድ ቀን ምን ይመስልሻል ብለሽኝ አታውቂም።

የቤተ ክርስቲያን ጫማሽን አድርጋለች። ለጫማው ይቅርታ።

መኪናውን አስነስታ እየጠበቀችኝ ነው። መንገዱን ከካርታ ላይ ራሷ አውጥታ መዳፏ ላይ ጽፋዋለች፣ እኔ እንኳ አላውቀውም።

ጂኦግራፊውን አሁን ስጫት።

ሮዌና