የማሽኖቻችንን ተረካቢ ሩሃማ ሙሉካን ስለማጣታችን

ለማኅበራችን አባላት፣ ለደንበኞቻችንና ለዲላ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፦

የዲላ የሶፋና የወንበር ልባስ ሠሪዎች ማኅበር አባልና የማሽን ጥገና ክፍላችን ተረካቢ የነበረችው ወጣት ሩሃማ ሙሉካ በሃያ አምስት ዓመቷ፣ ባደረባት ድንገተኛ ሕመም ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታናለች። የቀብር ሥነ ሥርዓቷም በማግስቱ ቤተሰቦቿ፣ አብረዋት ይዘምሩ የነበሩት የቤተ ክርስቲያኗ መዘምራንና የሥራ ባልደረቦቿ በተገኙበት ተፈጽሟል። በዚህ ቦታ ላይ "ጥልቅ ሀዘን ተሰምቶናል" ተብሎ ይጻፋል። እኛም ጽፈነው ነበር፤ ስናነበው የሌላ ሰው ሀዘን መሰለንና ሰረዝነው። ምን ብለን እንደምንተካው ግን እስካሁን አላወቅንም።

እንዲህ ባለ መግለጫ ሟችን አንቱ ማለት ደንብ ነው። ሩሃማን አንቱ ብንላት በሳቅ ትፈነዳ ነበር፤ እጃችንም አልታዘዝ አለን። እንደምናውቃት እንቀጥላለን።

ሩሃማ በ1993 ዓ.ም. ይርጋጨፌ አጠገብ አሪቻ ተወለደች። አባቷ አቶ ሙሉካ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኛ ነበሩ፤ እሳቸው ሲያርፉ እናቷ ወይዘሮ ሶፍያ ልጃቸውን ይዘው ዲላ ገቡ፤ ገበያ ላይ ቆጮ እየሸጡም አሳደጓት። ሌላ ልጅ የላቸውም።

በ2011 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ውጤቷ እንዳሰበችው ሳይሆንላት ሲቀር ወደ ሥልጠና ክፍላችን መጣች። የመጣችው ልብስ ስፌት መስሏት ነው። እኛ ደግሞ መዶሻና ፒንሳ ሰጥተን የአንድ አሮጌ ሶፋ ምስማር ንቀዪ አልናት። ያን ቀን ቤቷ ገብታ "እማዬ፣ የሰው ሶፋ ሲያፈርሱ ዋሉ፤ እኔንም አስፈረሱኝ" ማለቷን ወይዘሮ ሶፍያ ለቅሶ ላይ ነገሩን። በማግስቱ ግን ከሁሉም ቀድማ ተገኘች። ስፕሪንግ ላይ የቡና ኬሻ መወጠሩን፣ ስፖንጅ መቁረጡን፣ ቆዳ ሳይሸበሸብ ማልበሱን ዓመት ሳይሞላት ለመደችው።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ሰሞን ሶፋ የሚያሠራ ሰው ሲጠፋ፣ ለቆዳ የተሠሩትን ማሽኖቻችንን የአፍ መሸፈኛ እንዲሰፉ አስገደድናቸው። ስሱን ጨርቅ እየዋጡ፣ ክሩን ከሥር እየቋጠሩ አስለቀሱን። የማሽን ጠጋኛችን አቶ ወልደዮሐንስ፣ ሁላችንም ጋሼ ወልዴ የምንላቸው፣ መርፌውን በቀጭን ሲቀይሩና ክሩን ሲያላሉ አጠገባቸው የቆመች እሷ ብቻ ነበረች።

"ክሩን ለምን አላሉት?" ትላለች።

"ዝም ብለሽ እይ።"

"አየሁ። ለምን አላሉት?"

በዚያው ሰሞን ጋሼ ወልዴ ሊቀመንበራችንን "ይቺን ልጅ ስጡኝ" አሏቸው። ብዙ ሠልጣኝ በእጃቸው አልፏል፤ ማንንም ስጡኝ ብለው አያውቁም። አብዛኛው ሰውም እውነቱን ለመናገር የተሰፋ ሶፋ ላይ ፎቶ መነሳት እንጂ ዘይት መንካት አይወድም።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው የትምህርት ጊዜዋ በከተማው የማይታወቅ ዓይነት ነበር። ጋሼ ወልዴ ቅዳሜ ሥራ ሲያበቃ አንዱን ማሽን ሆን ብለው ያበላሹና ጨርቅ አልብሰውት ይሄዳሉ። አንዴ ብሎን ያላላሉ፣ አንዴ መርፌውን ገልብጠው ይከታሉ፣ አንዴ ማሽኑን የሚያዞረውን ቺንጋ ያጠብቃሉ። ሰኞ እሷ በሽታውን ትፈልጋለች።

"ዛሬ ደግሞ ምን አድርገውት ነው ጋሼ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ እሱን ጠይቂው።"

ሰፊው ሁሉ ሥራውን ትቶ ይስቃል። አንድ ሰኞ ምንም ሳያበላሹ ጨርቅ ብቻ አልብሰውት ኖሮ፣ ስትፈታ ስትገጥም ረፈደባት። በመጨረሻ ካቻቢቴዋን አስቀመጠችና "ይሄ ጤነኛ ነው፤ በሽተኛው እርስዎ ነዎት" አለቻቸው። ጋሼ ወልዴ የዚያን ቀን ምሳ ጋበዟት፤ እሳቸው ምሳ ጋብዘው የሚያውቁ ሰው ስላልነበሩ ወሬው ሳምንት ከረመ።

በ2016 ዓ.ም. መርፌው ወርዶ ሲመለስ የታችኛው መንጠቆ ክሩን የሚይዝበትን ቅጽበት ብቻዋን አስተካከለች። የሙያው ከባዱ ቦታ ይሄ ነው፤ የፀጉር ያህል ከሳተ ማሽኑ ስፌት ይዘልላል። የጋሼ ወልዴ እጅ መንቀጥቀጥ የጀመረውም በዚሁ ዓመት ነው። መጀመሪያ አጠገቧ ተቀምጠው እያዘዟት፣ በኋላ ተቀምጠው እያዩዋት፣ በኋላም ጋዜጣ እያነበቡ የማኅበሩን ማሽኖች በሙሉ እሷ ያዘች።

በ2017 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤያችን ጋሼ ወልዴ እንዲያርፉ፣ ክፍሉን ሩሃማ እንድትረከብና ለአዲስ ሠልጣኞች ጥገና እንድታስተምር ወሰነ። ከዲላ፣ ከይርጋጨፌ፣ ከባንኮ ጎቲቲ ሳይቀር ወጣቶች ተመዘገቡ። ትምህርቱ በመጪው መጋቢት ሊጀመር ነበር።

በደንቡ ከዚህ ወደ ማጽናኛው መሄድ ነበረብን። ነገር ግን ከተማው ውስጥ የሚወራውን ሰምተናል። "ሽማግሌው ልጅቷን እያመማት ላኳት" ይባላል። ማኅበሩ የሆነውን እንደሆነ ለማሳወቅ ተገዷል፤ የስፌት ክፍላችን ባልደረባና የሩሃማ ጓደኛ ትጊም የእሷ ድርሻ ሳይቀር እንዲጻፍ ጠይቃናለች።

ቡናው ተሽጦ የሠርግ ጊዜ ሲደርስ ሶፋ የማያሠራ የለም። ጥር አጋማሽ ላይ ገደብ ከተማ ሶፋ የሚሠሩት አቶ ኡስማን ዋናው ማሽናቸው ቆሞባቸው ጋሼ ወልዴ ጋ ደወሉ።

"ጋሼ፣ ራስዎ ይምጡልኝ። ለሦስት ሙሽሮች ቀን ቆርጬያለሁ፤ ልጅ ልከው እንዳያሳፍሩኝ።"

"እሷ ካልሠራችው እኔም አልሠራውም" አሉ ጋሼ ወልዴ፤ የራሳቸውንም የመሣሪያ ሣጥን አስይዘው ላኳት። ብቻዋን ከከተማ ወጥታ ስትሠራ የመጀመሪያዋ ነበር።

መናኸሪያ ድረስ የሸኘቻት ትጊ ናት። ሩሃማ ሆዷን ይዛ ጎንበስ ስትል አይታ ምን እንደሆነች ጠየቀቻት።

"ትናንት የበላሁት ነው። ዝም በይ እሺ? ጋሼ ከሰሙ ያስቀሩኛል።"

ትጊ ዝም አለች። እኛም ብንሆን ዝም እንል ነበር፤ በጉጉት የበራውን የሩሃማን ፊት ያየ ሰው አይናገርም ነበር።

አቶ ኡስማን እንደነገሩን ማሽኑን ፈትታ በዘረገፈችበት ሕመሙ ጠናባት። "ክሊኒክ ልውሰድሽ" ሲሏት "ይቺን ልጨርስ፤ አሁን ከተነሳሁ የትኛው ብሎን የት እንደነበር ይጠፋብኛል" አለች። የተቆረጠ ስፖንጅ ላይ ጋደም ትላለች፣ ትነሳለች፣ ትሠራለች። እዚያው አደረች። በማግስቱ ሕመሙ በድንገት ተዋት። ደስ ብሏት በላች፣ ማሽኑን ገጠመች፣ ድርብ ቆዳ ሰፋችበትና ለጋሼ ወልዴ ደወለች። "ጋሼ፣ ሰፋ" አለቻቸው። እሳቸውም ሳቁ።

ሐኪሞች በኋላ እንዳስረዱን ሕመሙ የተዋት ትርፍ አንጀቷ ስለፈነዳ ነው። ያን ጊዜ ይህን ያወቀ ሰው አልነበረም፤ እሷም የዳነች መሰላት። ዲላ እንደ ደረሰች ወደቀች። ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ሐኪሞቹም የሚችሉትን አደረጉ። መርዙ ግን ቀድሟቸው ነበር።

ስለዚህ ማኅበሩ በግልጽ ያሳውቃል፦ አቶ ወልደዮሐንስ መታመሟን አያውቁም ነበር። ያወቀችው ትጊም ጨጓራ እንጂ ሌላ አልመሰላትም። አቶ ኡስማንም ለምነዋታል። የሚወቀስ ሰው ፈልገን አላገኘንም። ቢገኝ ይቀለን ነበር።

ለቅሶው ቤት ለተቀማጩ ቦታ ለማግኘት ሶፋው ወደ ውጭ ወጥቶ ነበር። ሩሃማ ለእናቷ የሠራችው የመጀመሪያ ሶፋዋ ነው፤ የአንዱ ክንድ ስፌት ጠሟል። ጋሼ ወልዴ ቤት ውስጥ ይግቡ ቢባሉ እምቢ ብለው፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ሶፋው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። "የተጠራሁት እኔ ነበርኩ" ይላሉ ደጋግመው። ወይዘሮ ሶፍያ ወጥተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

"ጋሼ፣ እኔ እርስዎን አልወቅስም" አሉ። "ግን አይዞዎት እንድልዎት አይጠብቁ። አይዞሽ የሚለኝ ሰው እኔ ራሴ የለኝም።"

ሁለቱም እስኪመሽ እዚያው ቆዩ።

ከሰልስቱ በኋላ የሥራ አመራር ኮሚቴያችን አቶ ወልደዮሐንስ ቤት ሄዶ፣ ቢያንስ ለተመዘገቡት ሠልጣኞች ሲሉ አንድ ዓመት እንዲያስተምሩ ለመናቸው። እጃቸውን ዘርግተው አሳዩን። ይንቀጠቀጣል።

"በዚህ? ብሎን እንኳ አይዝልኝም" አሉ።

"እርስዎ ይናገሩ፤ ሌላ ሰው ይይዛል" አልናቸው።

"እጄ እሷ ነበረች" አሉ። "ለሌላ ሰው ካቻቢቴ አላስይዝም። ሁለተኛ ማንንም አልልክም።"

ለምነን፣ አልቅሰን፣ ተመልሰናል። በዚህም ምክንያት የመጋቢቱ የጥገና ትምህርት መሰረዙን በሀዘን እናስታውቃለን። ተመዝጋቢዎች በሌላ ጊዜ ትጠራላችሁ ብለን ተስፋ ልንሰጣችሁ አንፈልግም፤ የሚያስተምር ሰው የለንም። ካሉን ማሽኖች ሁለቱ ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ቆመዋል። ሌሎቹም ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ለወይዘሮ ሶፍያ፦ መጽናናትን እንመኛለን ስንል ባዶ እጃችንን ይዘን መቆማችንን እናውቃለን። ቤትዎ መምጣታችንን አናቆምም፤ ገበያም ብቻዎን አይውሉም። ለትጊ፦ የእኛው ልጅ ነሽ፤ ተመልሰሽ ወንበርሽ ላይ እስክትቀመጪ ወንበሩን ሌላ ሰው አይነካውም። አብራችኋት ለዘመራችሁ፣ ለመላው ባልደረቦቿም ፈጣሪ ብርታቱን ይስጣችሁ።

ለአቶ ወልደዮሐንስ የምንለው አጥተናል። ስለ እሳቸው ግን ለሕዝቡ የምንለው አለን። በቀብሩ ማግስት አንድ ደንበኛ በራቸውን አንኳኩቶ "ጋሼ፣ ክር እየበጠሰብኝ ነው" ብሏቸዋል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሁላችንም እንዲያ የለመድን ነን። ጋሼ ወልዴ ተነስተው ኮታቸውን ለበሱ፣ በሩ ድረስ መጡ፣ ከዚያ ወዲያ መሄድ አልቻሉም። ጎረቤት ደግፎ አስገባቸው።

እባካችሁ፣ ከእንግዲህ ያን በር አታንኳኩ። ሐዋሳ መውሰድ የምትችሉ ውሰዱ። የማትችሉ፣ ማሽናችሁ ከቆመ ይቁም።

የዲላ የሶፋና የወንበር ልባስ ሠሪዎች ማኅበር
የካቲት 2018 ዓ.ም.