የእትዬ የሺ ፊርማ

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፣ ከሰልፍ ልምምድ መልስ

እግሬ ተላልጧል። ጠዋቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ግራ ቀኝ። ከዚያ ንግግሬን በማይክራፎን ደገምሁ፤ አጨበጨቡ። ማስታወሻዬ፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ከት/ቤታችን አንድ ተማሪ ብቻ ነው የሚሄድ፤ ክረምቱን ቡልጋሪያ፣ ከየአገሩ ከሚመጡ ተማሪዎች ጋር የወጣት መሪነት ትምህርት። ተመራጯ እኔ። የማላምንበትን ንግግር ከሁሉም አሳምሬ ስለማነብ ነው። ሌላም የምነግርሽ አለ። ዛሬ ደከመኝ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ይኸው። ከሄድሁ አልመለስም። የክፍላችን ወንዶች በአፈሳ ተወስደው ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። እዚህ ብቆይ የቀሩትን ለዘመቻ የምቀሰቅስ እኔ ነኝ። አባባ አያውቁም። የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛ ናቸው፣ የሽመና ማሽኑ ጆሯቸውን አደንቁሮታል። እንኳን ሐሳቤን ንግግሬንም በደንብ አይሰሙ።

ግንቦት 13

ፎርሙ መጣ። ግለ ታሪክ በአምስት ቅጂ። ከታች አንድ ባዶ መስመር፤ የዋስ ስምና ፊርማ። ዘመድ አይሆንም። የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆን አለበት። ተማሪው ካልተመለሰ ተጠያቂ ዋሱ።

አምና ታደለ የሚባል የት/ቤታችን ተማሪ በዚሁ ፎርም ሄዶ ቀረ። የፈረሙለት የታሪክ መምህራችን፣ መ/ር አያሌው፣ ከመስከረም ጀምሮ እስር ላይ ናቸው። ታሪክ የሚያስተምረን አሁን የስፖርት አስተማሪው ነው። መጽሐፉን ያነብልናል፤ ደወል ሲደወል ይዘጋዋል።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ሦስት ሰው ጠየቅሁ። የክፍል ኃላፊያችን ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩልኝ። የአባባ አለቃ ሻይ ጋበዙኝ። ልጄ፣ አንቺን መች ጠረጠርሁ፣ ያች መስመር ናት ያስፈራችኝ አሉ። ጎረቤታችን፣ የፖስታ ቤቷ ጸሐፊ፣ በሩን አልከፈተችም፤ ውስጥ ሬዲዮው ይሰማል።

የወጣት ኮሚቴው ሊቀ መንበር እስከ ዓርብ ብሎኛል። ካላመጣሁ ተጠባባቂው ይሄዳል። ተጠባባቂው የእህቱ ልጅ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 19

እትዬ የሺ መጡ። የመ/ር አያሌው ባለቤት ናቸው፤ ሆስፒታል ነርስ። ነጭ ጋዋናቸውን እንኳ አላወለቁም። ዋስ ማጣቴን ሰምተዋል። እኔ ልፈርምልሽ አሉ።

ከኪሳቸው ደብዳቤ አወጡ፤ ለታደለ። እኔ የምሄድበት ከተማ እንደሚኖር ሰው ነግሯቸዋል። ተመለስ የሚል ደብዳቤ ነው። እሱ ከመጣ ባለቤታቸውን ይፈቱላቸው ይሆናል።

ለምን እኔን እንዳመኑ ጠየቅኋቸው።

«ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ውባለም። እኔም ከታሰርሁ የሚያሳድጋቸው የለም። ይህን እያወቅሽ እዚያ አትቀሪም።»

ጠረጴዛችን ላይ ፈረሙ። ስማቸውን ሳይቸኩሉ ጻፉ። እኔ ቀለሙን ሳቀብላቸው ደፋሁት።

ግንቦት 20፣ ከሰዓት በኋላ

ሐይቁ ዳር ሄድሁ። ከዘጌ የመጡ ታንኳዎች እንጨት ያራግፋሉ። እመለሳለሁ ብዬ ድምፅ አውጥቼ ተናገርሁ። ደገምሁት። ድምፄ የሰልፉን ንግግር ሳነብ የማወጣው ድምፅ ሆነብኝ። አንዱ ባለታንኳ ቀና ብሎ አየኝ። ወደ ቤት ተመለስሁ። ምሳም አልበላሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

ሆስፒታል ሄድሁ። እትዬ የሺ በረንዳው ላይ የታጠበ ፋሻ ይጠቀልላሉ። ነገርኋቸው። ከሄድሁ መመለሴን እንጃ፣ እትዬ አልኋቸው። የያዙትን ጠቅልለው ጨረሱ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። ታደለም ሳይሄድ አልመለስም ብሎ ተናግሮ ነበር፤ ለመ/ር አያሌው ብቻ። መምህሩ እንደማይመለስ እያወቁ ፈረሙ። እትዬ የሺ ይህን ከባለቤታቸው የሰሙት ስንቅ ሊያደርሱ ሄደው፣ እስር ቤቱ በር ላይ ነው።

«ለልጁ አዘነለት። ለእኛ ማን ይዘንልን?»

ታዲያ ደብዳቤውን ለምን ጻፉት አልሁ።

«አይመጣም፣ አውቃለሁ። ስንቅ ከማመላለስ ሌላ አንድ ነገር ሠራሁ ለማለት ነው።»

ፎርሙንና ደብዳቤውን መለስሁላቸው። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አላመሰገኑኝም። ልክ ናቸው። ሌላ ፋሻ አነሡ፤ እኔም ጫፉን ያዝሁላቸው።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

ዋስ አጣሁ አልሁት ሊቀ መንበሩን። ፊቱ ፈካ። የእህቱ ልጅ እዚያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ለእሱ የእትዬ የሺን ደብዳቤ መስጠት አይታሰብም፤ ሳይሳፈር ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል። ሌላ የሚሄድ የለም።

አባባ ሲሰሙ ደስ አላቸው። አጠገቤ መሆንሽ ይሻላል አሉ። ወጥቼ ጓሮ ቆምሁ።

እትዬ የሺ ነገ ተረኛ ናቸው። ስንቁን ማን ያደርስልዎታል ብዬ ጠየቅኋቸው። የሚያደርስ የለም። እኔ አደርሳለሁ። እስር ቤቱ በር ላይ ስም ይመዘገባል፣ ለኮሚቴውም ይደርሳል ይላሉ። ምንህ ናቸው፣ ምንሽ ናቸው ብለው ይጠይቃሉ አሉ። መምህሬ ናቸው እላለሁ። ሙሉ ስሜን እስከ አያቴ አስመዘግባለሁ።