ሰፊ ሰሌዳ፣ ትንሽ ሸራ

አየለችዬ፣ ላንጋኖ ሐይቅን በነፋስ በሚነዳ ባለ ሸራ ሰሌዳ ላይ ቆማ አቋረጠች ተብሎ ቡሬ የተወራብኝ ሐሰት ነው። ተማሪዋ የወንድሜ ልጅ ያምሮት ናት። ትናንት ጠባብ ሰሌዳና ትልቅ ሸራ መርጣ ስትወድቅ ዋለችና፣ «በቃኝ እትዬ፣ ወደ አገራችን እንመለስ» ብላ አለቀሰች። ያስፈራት ውሃው ሳይሆን ያልመጠናት ዕቃ ነበር። ዛሬ ሰፊ ሰሌዳና ትንሽ ሸራ አስያዝኳት። «አውድማ ላይ ምርት ሲዘራ ገለባው ዓይናችን እንዳይገባ እንደምናደርገው፣ ጀርባሽን ለነፋሱ ስጪ፤ ከዚያ ሸራውን ቀስ ብለሽ አንሺ» አልኳት። ቆመች! «እርስዎስ እትዬ፣ ፈሩ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ልጅሽን ላቀውን ሳሚልኝ፤ ጎረቤቶቹንም ሰላም በይልኝ። ነገ መጀመሪያ ጸሎቴን አደርሳለሁ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት እለብሳለሁ፣ ነፋሱ ሳይበረታም ሰሌዳው ላይ እወጣለሁ። ያን ጊዜ ያውሩ።