በጋሽ ሳህሉ አድራሻ ላይ ስላረፉት ሞገዳማ መስመሮች

ለተከበሩ የፖስታ ማኅተም ማሽን የበላይ ኃላፊ፣
ቶሮንቶ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ሆኑ የማይደክመው ማሽንዎ እንደምን ከርማችኋል? እኔ ዌስተን ሰፈር፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ፣ በሬን የሚያንኳኳ ሰው ሳያስቸግረኝ በሙሉ ጤንነት እገኛለሁ።

ስድስት ዓመት ቤት ተጋርተን የኖርነው ጋሽ ሳህሉ፣ ስቶቩን ማን ያጽዳ በሚል ተኳርፈን ከወጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ስልካቸውም ተቀይሯል። ባለፈው ወር ግን ደብዳቤ ጻፉልኝ፤ ይቅር በለኝ፣ እስከ ፋሲካ መልስ ካልላክህ እንደተቀየምከኝ ቆጥሬ ዳግመኛ አላስቸግርህም ይላል። በትምህርት ቤት እንደተማርነው አድራሻቸውን ፖስታው ላይ ከላይ በስተቀኝ፣ ያውም በእርሳስ፣ ከቴምብሩ ጎን ጽፈውታል። ማሽንዎ ደግሞ፣ ምስጋና ይግባውና፣ ቴምብሩን ሲመታ አድራሻውንም አብሮ በጥቁር ሞገድ ሸፍኖልኛል። ስለዚህ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. ደብዳቤው በየትኛው ቀን እንደተመታ በማኅተሙ ክብ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። እኔ ግን ጋሽ ሳህሉ የት እንዳሉ እንጂ መቼ እንደናፈቅኳቸው አልጠየቅሁም ነበር።

፪ኛ. ከፖስታው ግርጌ ስለታተሙት ቀጫጭን ጭረቶች ደውዬ ብጠይቅ፣ የተቀባዩን አድራሻ ለማሽኑ የሚነግሩ ናቸው ተባልኩ። የት እንደምኖር ስላስታወሱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ክቡ ውስጥ ያለው ቁጥር ሰፈራቸውን ይነግረኛል ብዬ፣ ከዌስተን፣ ከኤግሊንተን ዌስትና ከሪጀንት ፓርክ የፖስታ ሳጥኖች ለራሴ ሦስት ደብዳቤ ላክሁ። ሦስቱም በሰላም ደረሱ፤ የሦስቱም ቁጥር አንድ ነው። ለካ ሁሉም የሚመታው አንድ ቦታ ኖሯል! ባዶ ወረቀት እንደከተትኩባቸው እያወቅሁ፣ ፖስታዎቹን ሳጥኔ ውስጥ ሳያቸው ልቤ ድንግጥ ብሎ ነበር። በዚህስ ማሽንዎን አልወቅስም፤ ብቸኝነቱ የራሴ ነው።

ማሽኑ ፖስታውን ከመምታቱ በፊት ፎቶ ያነሣዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሥራ ካልበዛብዎ ያንን ፎቶ ፈልገው ይላኩልኝ። ፋሲካ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል፤ እኔም አልተቀየምኳቸውም፤ ስቶቩንም አጽድቼዋለሁ።

ዝንፍ ለማይለው ሞገድዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
የዘወትር ደንበኛዎ፣ ላኪም ተቀባይም፣
ይሁዳ ዘመድኩን

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስ ቢጽፉልኝ፣ እባክዎ አድራሻዎን ከቴምብሩ አርቀው ይጻፉ። ዘንድሮ ሰው ከላከልኝ ደብዳቤ ሁለተኛው ስለሚሆን፣ ላኪውን ማወቅ እፈልጋለሁ።