በማሽላው ጎታ ውስጥ ያገኘሁት

ኅዳር 24 ቀን 1994 ዓ.ም.
ጨፋ፣ ከሚሴ አጠገብ

ለእታለሜ ዓዲላ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህን ደብዳቤ ሁለቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። «መተማ ደርሻለሁ፣ ሥራ ልጀምር ነው። እናታችንን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ስትመላለሺ ያየሽውን ጻፊልኝ፣ ይጠቅመኛል» ብለሽኝ ነበር። ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁ ልጅ ነርስ ልትመክር ነው ብዬ አፈርኩ። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ።

እዚህ ፈይሩዝ የምትባል አዲስ ነርስ መጥታለች። እንዳንቺ ዘንድሮ የተመረቀች፣ ጥሩ ልጅ ናት። መርፌ ስትወጋ ግን ከበሽተኛው ቀድማ ዓይኗን ትጨፍናለች። አንቺ አትጨፍኚ። ስም ስትጠሪ ቀስ በይ፤ የገጠር ሰው ስሙ ከወረቀት ሲነበብ የራሱ አይመስለውም፣ ተራው ያልፈዋል። የማታውቂውን «ቆይ ልጠይቅ» በይ። ፈይሩዝ አንድ ቀን እንዲህ ስትል፣ እንደ እናታችን ሳንባቸውን የሚታከሙ አደም የሚባሉ ሽማግሌ «ጠይቂ ልጄ፤ እኔም መቼ እንደምሞት አላውቅም፣ አብረሽ ጠይቂልኝ» ብለው ሁላችንንም አሳቁን። ከዚያ ወዲህ ሰው አመናት።

ዋናው ግን ይሄ ነው። የሳንባ መድኃኒት የምትሰጪው ሰው ሽንቱ እንደሚቀላ አስቀድመሽ ንገሪው። ፈይሩዝ ረስታ ይሁን አፍራ አልነገረችንም። እናታችን ስታየው «ደሜን እያቀለጠው ነው» አለች፣ ለኔ ብቻ። ልጇን ለምታህል ነርስ እንዴት ብላ ስለ ሽንቷ ታውራ?

ደግሞ ክኒኑን ፊትሽ ሳይውጡ አትልቀቂ። ትልቅ ሰው ቢሆንም አፍ አስከፍተሽ እዪ። ረመዳን ሲገባ እናታችን «ጾመኛ ነኝ፣ ሳፈጥር እውጠዋለሁ፣ ኢንተላ ኮ» አለቻት። ልጄ ስትባል ጊዜ የፈይሩዝ አንጀት ራራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤት ወስዳ እንድትውጠው በእጇ ትሰጣታለች።

እታለሜ፣ ባለፈው «እየተሻላት ነው» ያልኩሽ ውሸት ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ያጻፈችኝ እናታችን ናት። ሐሙስ ማሽላ ልዝቅ እጄን ጎታው ውስጥ ስሰድ አሮጌ ሻሿን ተቋጥሮ አገኘሁት። የሁለት ሳምንት ክኒን ነው። ቀለሙ ከማሽላው አይለይም። ስጠይቃት «ዓዲላ ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች። ያን ሁሉ ዓመት ተምራ! እንዳትጽፊላት፣ ወላሂ በይ» አለችኝ። አልኩ። መቅላቱ የመድኃኒቱ ቀለም መሆኑን ከአደም ሰምቼ ብነግራት «ገመናዬን መንገድ ላይ አወጣሽው» ብላ ሁለት ቀን ዘጋችኝ። አምባሯ ከእጇ እየወለቀ ስላስቸገራት ለኔ ሰጥታኛለች። ለኔም ይሰፋኛል።

ሁለቴ ለፈይሩዝ ልናገር ሄጄ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። «ምን ፈለግሽ ረቢአ?» ትለኛለች። «ምንም» ብዬ እመለሳለሁ።

ይኸው ወላሂ አልጽፍም ብዬ ጻፍኩልሽ፤ አላህ ይማረኝ። ደብዳቤው እስኪደርስሽ ሦስት ሳምንት ነው፣ እስከዚያ እኔና እሷ ብቻ ነን። ነይም አትምጪም ማለት አልቻልኩም። አላህ እጅሽን የሽፋ እጅ ያድርገው፣ የምትነኪው ሁሉ ይዳን።

ነገ ጧት ሻሿን እንደተቋጠረ ይዤ ከወረፋው ቀድሜ ፈይሩዝ ዘንድ እገባለሁ። «ምን ፈለግሽ?» ስትለኝ ድምፄ እምቢ ካለኝ፣ ቋጠሮውን ጠረጴዛዋ ላይ ፈትቼ እቆማለሁ።

ታናሽሽ ረቢአ