ፋይሎቻችንን በማዕረግ ላደሉልን ክቡር ምክትል ኃላፊ

ለክቡር ዶክተር ቬሊዛር ካንታርጂዬቭ
የዳኑብ ዳር ቴክኒክ ኮሌጅ ምክትል ኃላፊ
ሩሴ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ አዲሱ ሰርቨርዎ ሳይሆን እንደ አሮጌው የጸና እንዲሆን እየተመኘሁ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

ከሰኞ ጀምሮ ኮሌጁ በሙሉ የሚጠይቀውን እኔም ልጠይቅዎ፦ በገዛ እጄ የሠራሁት ፋይል «ፈቃድ የለሽም» የሚለኝ ለምንድን ነው?

መልሱን አላጣሁትም። ሰርቨሩ የሚሠራበት ሊኑክስ የተባለው ሥርዓት የፋይልን ባለቤት የሚለየው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ አካውንቶቻችን ወደ አዲሱ ሰርቨር ሲዛወሩ የድሮ ቁጥራችንን ይዘን መሄድ ነበረብን። እርስዎ ግን የኮሌጁ ዲን በቁጥር ተራ ከተማሪ በታች መሆናቸው ነውር መስሎ ስለታየዎ፣ ቁጥሩ እንደየማዕረጋችን እንደ አዲስ እንዲታደል አዘዙ። የእኔ የድሮ ቁጥር ለዲኑ ደረሳቸው፤ ፋይሎቼም ተከትለውት ሄዱ።

ስለሆነም የሚከተሉትን ምስጋናዎች ይቀበሉኝ።

1. እንደ ደንባችን ለመልካም ዕድል በሰርቨሩ ክፍል ደጃፍ ውሃ ስለደፉ አመሰግናለሁ። ከዝውውሩ ሥራ ሁሉ በወጉ የተፈጸመው እሱ ብቻ ነው።

2. ሥራችንን ከኮሌጁ ሰርቨር ውጭ እንዳናስቀምጥ ስለከለከሉን አመሰግናለሁ። የድልድይ ንዝረት ስሌቴ ያለው እዚያ ብቻ ነው። የሶፊያው የምርምር ተቋም እስከ ዓርብ ካላየው የዶክትሬት ቦታዬን ለሌላ ይሰጣል። ዲኑ የገበያ ጥናት ምሁር ናቸውና በድልድዬ ምን እንደሚያደርጉበት እግዜር ይወቅ።

3. ቢሮዎ መጥቼ ነገሩን ሳስረዳ፣ «አንቺ ልጅ፣ ትናንት ተመርቀሽ ዛሬ እኔን ልታስተምሪ ነው? ማሽኑም ሰው መለየት ይልመድ! ማመልከቻ ጽፈሽ ነገ ተመለሺ» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። በነገታው መጣሁ። ከዚያም ወዲያ መጣሁ። ማሽኑ እስካሁን አልለመደም፤ ጸሐፊዎ ግን ለምዳኛለች።

ክቡር ሆይ፣ የድሮ ቁጥሮቻችን ይመለሱልን። ቴክኒሻኖቹ ከምሳ በፊት ይጨርሱታል፤ የሚጠብቁት የእርስዎን ትእዛዝ ነው። «ተሳስቻለሁ» ማለት ከከበደዎ «ሁለተኛው ማሻሻያ» ይበሉትና ሌላ ውሃ ይድፉ፤ ከፊት ቆሜ አጨበጭባለሁ።

በማዕረግ ዝርዝርዎ ግርጌ ሆና ወደ ላይ አንጋጣ የምታይዎት፣
ራሊትሳ ቶንኮቫ
የዘንድሮ ተመራቂ

ማሳሰቢያ፦ በእደላው ለእኔ የደረሰኝ የእርስዎ የድሮ ቁጥር ነው፤ ፎልደርዎ አሁን የእኔ ነው። ውስጡ ያለውን አንድም ፋይል አልከፈትሁም፤ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ብቻ አስገብቼበታለሁ። ፋይሎችዎን ማንበብ ከፈለጉ የእኔ ፈቃድ ያስፈልግዎታል። ማመልከቻ ጽፈው ነገ ይመለሱ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የምታነቡ፣ ፋይላችሁ ማን ዘንድ እንዳደረ የማታውቁ ባልንጀሮቼም ጻፉልኝ፤ ምክትል ኃላፊው ቢሮ አብረን እንሂድ።