ለመሳፍንት፣ ስለተበጠሱት የትራውት ክሮች

ይድረስ ለወንድሜ ለመሳፍንት፣ ዲንሾ።

እንደምን ሰነበትክ? ብርድ ሲመጣ የሚነሣብህ የጆሮ ሕመምህ እንዴት ነው? እማዬስ ወገቧን ተሻላት? እህታችን ማርያማዊት ከወለደች ወዲህ በረታች? ሕፃኑስ ጡት በደንብ ይጠባል? ክረምቱ እንዴት ወጣላችሁ፤ የዌብ ወንዝ ጠራ ወይስ ገና እንደደፈረሰ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ። እዚህ ጅቡቲ ሙቀቱ ቀንሷል ይላሉ፤ ለእኔ ግን አልታወቀኝም፤ የመጨረሻውን ልብስ ሳሰጣ የመጀመሪያው ደርቆ ይጠብቀኛል።

ወረቀት የያዝኩት ስልኬን ስለማታነሣ ነው። አራት ጊዜ ደወልኩ፤ አራቱንም ጊዜ ጠርቶ ጠርቶ ተዘጋ። ብትቀየመኝ አልፈርድብህም። እኔም ግን ንዴቴ አልበረደልኝም። በአንተም፣ በአሠሪዬ በሙሴም፣ ከሁሉ ይልቅ በራሴ ተናድጃለሁ። እባክህ እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትቀደው።

ያን ቀን ደውለህ ያልከኝ ከጆሮዬ አልጠፋም። «አልጋነሽ፣ የላክሽው ክር ጉድ ሠራኝ» አልከኝ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሽማግሌ እንግዳ በአንድ ጠዋት ሦስት ትራውት ዓሣ ይዘው ሦስቱም ክሩን በጥሰው እንደሄዱ፣ ሦስተኛው ክንድ የሚያህል እንደነበር፣ አለቃህ ጋሽ ሙሐዲንም በሎጁ ሰዎች ፊት «አንተ እንግዳ መምራት አትችልም» ብለው ሽማግሌውን ከሰዓት በኋላ ለሌላው መሪ ለዘይድ እንደሰጡብህ ነገርከኝ። እኔ ደግሞ አይዞህ በማለት ፈንታ ጮኽኩብህ። «ቋጠሮውን በምራቅ ሳታርስ አጥብቀኸው ነው! ፀሐይ ላይ አንጠልጥለህ ትተኸው ነው! ዓሣውን እንደ በሬ ጎትተኸው ነው!» አልኩ። እንዳልሽኝ ነው ያደረግኩት ብትለኝ፣ ከልጅነትህ ጀምሮ የሰው ነገር አትሰማም አልኩህ። ያኔ ነው ስልኩን የዘጋኸው።

እኔ ግን ልክ እንደሆንኩ እርግጠኛ ነበርኩ። ከሠራኋቸው አሥራ አራት ክሮች አሥራ ሁለቱን ልኬልህ ሁለቱ እኔ ዘንድ ቀርተው ነበር። በማግስቱ አንዱን ግቢው ውስጥ ልብስ ማስጫው ላይ አስሬ፣ በጫፉ ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ ጠርሙስ አንጠለጠልኩ። ጠንካራነቱን በስልክ ፎቶ አንስቼ ልልክብህና ላሳፍርህ ነበር ሐሳቤ። እጄን ከጠርሙሱ እንዳነሣሁ ጧ አለ። ሁለተኛውን አሰርኩ፤ እሱም ጧ! መሳፍንት፣ ቋጠሮው ላይ ቢሆን ኖሮ የእጄ ጥፋት ነው እል ነበር። የተበጠሰው መሐል ለመሐል ነው፣ እንደ ደረቀ ሣር። እዚያው ልብሱ መሐል ቁጭ አልኩ።

ይህን ሥራ ያስተማሩኝ አሠሪዬ ሙሴ ዤራር መሆናቸውን ታውቃለህ። በየዓመቱ አገራቸው ፈረንሣይ ሲገቡ ወንዝ ወርደው ትራውት ያጠምዳሉ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ቀጭን ክር መቋጠር ስላቃታቸው፣ ከመንጠቆው በላይ የሚታሰረውን መሪ ክራቸውን፣ እሳቸው «ባ ደ ሊኝ» የሚሉትን፣ የምሠራላቸው እኔ ነኝ። ለአንተ ልሥራ ብዬ ክር በለመንኳቸው ጊዜ ከሰገነቱ ዕቃ ቤት አንድ ጥቅል አውጥተው «ፑር ፕራንድር» ብለው ሰጡኝ፤ ውሰጂው ማለት ነው። እኔ እንደዚያ ነው የሰማሁት።

ጥቅሉን ይዤ ሄድኩና የተበጠሰውን አሳየኋቸው። ሙሴ አይተው ሳቁ። ሳቁ እልሃለሁ! የጎረቤት ቪላ የምትሠራውን ኑሪያን ጠርቼ አስተረጎምኩ፤ እሷ እዚሁ ከተማ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ተወልዳ ስላደገች ፈረንሣይኛውን ታንበለብለዋለች። ሰምታቸው ሰምታቸው ወደ እኔ ዞረችና «አልጋነሽ፣ ሙሴ ያሉሽ ‘ፑር አፕራንድር’ ነው፤ መለማመጃ ማለታቸው ነው። ክሩ ሁለት በጋ ሙሉ ሰገነት ላይ በሙቀት የተቀቀለ ነው፤ ማንም ለዓሣ አይጠቀምበትም ነው የሚሉት» አለችኝ።

አንዲት «አ» ናት እንግዲህ፣ ወንድሜ! አምስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቋንቋ «እሺ ሙሴ፣ መጣሁ ሙሴ» እያልኩ ኖሬ አንዲት «አ» አልሰማሁም። አንተን እንግዳ ያስነጠቀህ የእኔ ጆሮ ነው። ለኑሪያ «ንገሪያቸው፤ ወንድሜ በዚህ ክር ምክንያት በሰው ፊት ተዋርዷል፤ የሚሳቅ ነገር አይደለም» አልኳት። ፈራች። «ንገሪያቸው!» አልኩ። ነገረቻቸው፤ ሙሴም ሳቃቸውን ዋጡ።

ከዚያ መሳቢያቸውን ከፍተው ገና ያልተፈታ አዲስ ጥቅል አወጡ። ግን ምን አሉ መሰለህ? «መጀመሪያ የእኔን አሥሩን ጨርሺ፤ የተረፈውን ለወንድምሽ።» ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ነው፤ ጋቦዴ ሰፈር ያሉ የአገር ልጆች ዘንድ ልጅ ይጠመቃል ተብዬ ተጠርቼ ነበር። ቀረሁ። ከጠዋት ጀምሬ ስቋጥር ዋልኩ፤ ጣቶቼ ተላጡ። የእሳቸው አሥር ሲያልቅ ለአንተ የተረፈው ለስድስት ብቻ በቃ። ስድስት! አሥራ ሁለት ልልክልህ ፈልጌ ስለነበር ለማልቀስ ትንሽ ነው የቀረኝ። ቢሆንም ስድስቱንም አንድ ሊትር ተኩል ውኃ አንጠልጥዬባቸው አንዱም አልተበጠሰም።

አሁን ደግሞ እባክህ ስማኝ፤ ይህኛው ቁጣ አይደለም። ወፍራሙ ክፍል፣ ሃያ አምስት ቁጥር የሆነው፣ ከዘንጉ በኩል ይታሰራል። ቀጥሎ ያለው ብርቱካንማ ለዓይንህ ነው፤ ከውኃው በላይ ይዘኸው ተመልከተው፤ ቆም ወይም ነቅነቅ ካለ ዓሣው ከታች መንጠቆው ላይ ያለችውን ትል ነክቷልና ዘንጉን ቀና አድርግ። የመጨረሻው ቀጭኑ፣ አሥራ አራት ቁጥር፣ ውኃ ውስጥ የሚገባው ነው። ቀጭን ያደረግኩት ሰስቼ እንዳይመስልህ። ወፍራም ክር የውኃው ፍሰት ይገፋዋል፤ ትሏም ወደ ድንጋዩ ሳትደርስ ተንሳፋ ትቀራለች። ትራውቱ ደግሞ የሚበላው ታች ነው። የቀጭኑን ርዝመት በዌብ ጥልቀት ልክ፣ ትንሽ አትርፈህ ቁረጠው። ካጠረብህ ከትርፉ ቀጥልበት፤ አምስት አምስት ጊዜ ጠምዝዘህ፣ በምራቅ አርሰህ፣ ቀስ ብለህ ሳበው። ይህን እንደምታውቅ አሁን አውቄያለሁ፤ አለመድገም ግን አልቻልኩም።

ይህን ደብዳቤና ክሮቹን የሚያመጣልህ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሱቅ ያለው ረምዚ ነው። ድሬዳዋ ሲደርስ ወደ ባሌ በሚሄድ ሰው ይልክልሃል። ክሩን ሙቀት እንዳያገኘው በጨርቅ ጠቅልዬ በቆርቆሮ አድርጌዋለሁ፤ ረምዚም መኪናው መስኮት ላይ እንዳያስቀምጠው ሦስት ጊዜ አስምዬዋለሁ። ሰለቸችኝ ሳይል አልቀረም።

ለጋሽ ሙሐዲን ሌላ ወረቀት በፖስታው ውስጥ አለ። እንዲህ ብያቸዋለሁ፦ «የሞተ ክር የላክሁት እኔ አልጋነሽ ነኝ። መሳፍንት የሰጠሁትን ነው ያሰረው። በኅዳር እንግዳ ሲመጣ አንድ ቀን ብቻ ይስጡትና ይዩት።» እሺ ይሉ አይሉ አላውቅም። ሰውዬው ግትር እንደሆኑ አንተም እኔም እናውቃለን። ዘይድንም አትጣላው፤ የተሰጠውን ተቀበለ እንጂ አልቀማህም።

ማርያማዊትን ሳምልኝ፤ ልጁ ስም ሲወጣለት ስልክ አንሥታ እሷ ትንገረኝ። ከጎረቤት የእትዬ ዓለምነሽን ጤና ጠይቅልኝ። ዘይድንም ቢሆን ሰላም በልልኝ፤ እየጎመዘዘኝ ነው የምጽፈው፣ ግን በልልኝ።

ለእማዬ ደግሞ ይህችን ጮክ ብለህ አንብብላት። እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ባለፈው በስልክ «መሳፍንት እጁ ለሥራ አይሆንም» ብዬሽ አንቺም ዝም አልሽ። እንዳመንሽኝ ገባኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሣኝ የአንቺ ዝምታ ነው። ዋሽቼሻለሁ፣ እማዬ። የልጅሽ እጅ ምንም የለበትም።

እህትህ አልጋነሽ
ሀራሙስ፣ ጅቡቲ ከተማ
ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.